የደንኬልድ ላርች፤ ቅጠሉን የሚያራግፍ የተዳቀለ ዛፍ

በአገራችን ጥድና ዝግባ ክረምት ከበጋ ስለሚለመልሙ፣ የጥድ ወገን የሆነ ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አያራግፍም ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ላርች የሚባለው የብርድ አገር ዛፍ ግን ከዚህ ይለያል። መርፌ የሚመስሉት ቅጠሎቹ ብርዱ ሊገባ ሲል ቢጫ ሆነው ይረግፉና በጸደይ እንደ ገና ይወጣሉ። ምድሩ በውርጭ ሲጠነክር ሥሩ ውሃ ለመሳብ ስለሚቸገር፣ ያለ ቅጠል መክረሙ ከመድረቅ ያድነዋል።

ከላርች ዐይነቶች መካከል ሰው ሳያስብበት የተገኘ አንድ ዲቃላ አለ። በስኮትላንድ ደንኬልድ በሚባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1738 የተተከለ የአውሮፓ ላርች እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል። በዚያው አካባቢ በ1880ዎቹ የጃፓን ላርች ተተከለ። ሁለቱ ዘመዳሞች በተፈጥሮ እጅግ ተራርቀው የኖሩ ሲሆኑ፣ እዚህ ተጐራብተው ስለ ቆሙ ነፋስ የአውሮፓውን የአበባ ብናኝ ወደ ጃፓኑ አደረሰው። ከጃፓኑ ዛፎች ዘር የበቀሉት ዲቃላ ችግኞች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተለይተው ታወቁ።

መልኩ መካከለኛ ነው። የአውሮፓው ለጋ ቅርንጫፍ እንደ ገለባ ቢጫ፣ የጃፓኑ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ የዲቃላው በሁለቱ መካከል ነው። ኮን የሚባለው ፍሬ ቅርፊቶች በአውሮፓው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በጃፓኑ ጫፋቸው እንደ ጽጌረዳ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ በዲቃላው ጥቂት ብቻ ይታጠፋል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በዕድገቱ ግን መካከለኛ አይደለም፤ በተስማማው ቦታ ሁለቱንም ወላጆቹን ይበልጣል። የአውሮፓውን ላርች ግንድ የሚያቈስለውን የካንከር በሽታም ከእርሱ በተሻለ ይቋቋማል።

ደን ተካዩን የሚያስቸግረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የእኛ በቅሎ ብርቱ ሆና መካን ናት፤ ይህ ዛፍ ግን ዘር ያፈራል። ሆኖም ከዘሩ የሚበቅለው ሁለተኛ ትውልድ አንድ ዐይነት አይሆንም፤ አንዱ ወደ አውሮፓው አያቱ፣ ሌላው ወደ ጃፓኑ ያደላል፤ ብርታቱም ይቀንሳል። ዘር ለቃሚው መልካም ዛፍ መልካም ዘር ይሰጣል ብሎ ካማረው ዲቃላ ቢሰበስብ ይጐዳል። ስለዚህ ሁለቱን ወላጆች ባንድ አጸድ ተክሎ እንደ ገና ማዳቀል፣ ወይም ከተመረጡ ችግኞች ቅርንጫፍ ቈርጦ እያበቀሉ ማባዛት ያስፈልጋል። ስለ ዛፉ ከሚነገረው ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

ብርታቱም ከሁሉ በሽታ አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ2009 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በጃፓን ላርች ላይ የተገኘው ፊቶፍቶራ ራሞረም የተባለ ተሕዋስ ዲቃላውንም ያጠቃል፤ በሽታው እንዳይዛመት ተብሎም ብዙ የላርች ደን ተቈርጧል።