በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ድንገተኛ ሕመምን በሰዓት ስለ መመደብ

በሕክምና መጻሕፍት ድንገተኛ ሕመም የሚመደበው በየብልቱ ነው፤ የሳንባው ለብቻ፣ የልቡ ለብቻ፣ የአንጎሉም ለብቻ ይጻፋል። ይህ አመዳደብ ለፈተና ይበጃል። በቦረና ደጋ ለሚሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ያ ብልት ስንት ጊዜ ሊታገሥ እንደሚችል ማወቅ ነው። ከዓባይ ቈላ ወይም ከገደል ማዶ የተነሣ በሽተኛ መኪና ከሚገባበት ቦታ እስኪደርስ ድረስ በቃሬዛ ይመጣል፤ ከመካነ ሰላም አልፎ መሄድ ያለበት ደግሞ በአቀስታ በኩል እስከ ደሴ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ትምህርታችንን ስንከልስ በሰዓት መደብነው።

በደቂቃ የሚቈጠረው የአንጎልና የትንፋሽ ጉዳይ ነው። አንጎል አየር ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጐዳት ይጀምራል፤ እዚህ ላይ የሚያድነው አጠገቡ ያለው ሰው እንጂ አምቡላንስ አይደለም። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ፊቱ በጋቢ ከተሸፈነ ምላሱና ትውከቱ ጉሮሮውን ሲዘጉት ተሸካሚዎቹ አያዩም። በቃሬዛው ላይ በጐኑ ይተኛ፤ ፊቱም ይገለጥ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚጥል በሽታን አያቆምም፤ ወተት በአፉ ማፍሰስም ወደ ሳንባው ይገባል።

በሰዓት ከሚቈጠሩት ውስጥ የከፋው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ነው፤ ካልተገታ በ2 ሰዓት ያህል ሊገድል ይችላል። ማህፀኑን ማሸት፣ ፊኛውን ባዶ ማድረግ፣ ሕፃኑን ጡት ማስያዝ ወዲያው የሚጀመሩ ሥራዎች ናቸው። ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ይወጋል፤ ይህ መድኃኒት ግን ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በሙቀት የቈየው ኀይሉን ያጣል፤ የሚሶፕሮስቶል ክኒን በዚህ በኩል ይሻላል። ከ20,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ በ21 አገሮች ተደርጎ በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ጥቅሙ አልታየም። እንግዲህ እናቲቱ ደሴ እስክትደርስ ይቈይ የሚባል መድኃኒት አይደለም።

የሆድም ነገር እንዲሁ ነው። በአገራችን ደጋ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ በተለይ በጐልማሳ ወንዶች ላይ የታወቀ ሕመም ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ሰገራም ጋዝም አይወጣም። ቤተ ሰቡ ድርቀት መስሎት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጣል፤ ይህ የታሰረውን ያብሳል። አንጀቱ ሳይሞት ከተደረሰበት በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ጋዙን ማስተንፈስ ይቻላል፤ ከሞተ ግን ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው የሚቀረው።

ለሥራ ወደ ቈላ ወርዶ የተመለሰ ሰው በደጋ ቤቱ ራሱን ቢስት ወባንና የስኳር ማነስን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ ወባ ደጋ አይወጣም የሚለው አባባል በሽተኛው ራሱ ይዞት መውጣቱን ይረሳል። የዓይኑ ብሌን ጠብቦ ምራቁ ከተዝረበረበና ላብ ካጠመቀው ግን የተባይ መርዝ ይጠረጠራል፤ መድኃኒቱም አትሮፒን ነው። በብርድ ጊዜ ከሰል በተዘጋ ቤት ነድዶ ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድነት ራሳቸው ከዞረ በሩን መክፈት ከሁሉ ይቀድማል። በዚህ የኦክሲጅን መለኪያ ማሽን አይታመንም፤ የከሰሉን ጭስ እንደ ጥሩ አየር ቈጥሮ መልካም ቍጥር ያሳያል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ሲታወቅ ነው። ቤተ ሰቡ «ከብት ሲሰማራ»፣ «ቅዳሴ ሲወጣ»፣ «ዙህር ሳይሰገድ» ይላል እንጂ ሰዓት አይጠራም። ይህን ወደ ሰዓት መልሶ፣ ቀን ወይም ሌሊት ብሎ ጨምሮ፣ ከበሽተኛው ጋር በሚላከው ወረቀት ራስጌ ላይ መጻፍ የተቀባዩ ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ ይሆናል።