ለብሉዝ የምትሆነው ትንሿ የቲዩብ አምፕ

የብሉዝ ጊታር የሚማር ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቅሬታ ያድርበታል። ኖታውን ለይቷል፣ ክሩን እንደ ቢ.ቢ. ኪንግ እየሳበ ማርገብገብ ጀምሯል፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ግን ሸክላው ላይ ከሚሰማው ጋር አልገናኝ ይለዋል። የእሱ ደረቅና ቀጭን ነው። የሸክላው ወፍራም፣ ሻከር ያለ፣ ጫን ሲሉት የሚጮህ፣ ለቀቅ ሲያደርጉት የሚለሰልስ ነው። ጥፋቱን መጀመሪያ ጣቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጊታሩ ላይ ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ጊታሩ የሚሰካበት ሣጥን ነው። ያ ድምፅ የቲዩብ አምፕ ነው፤ ያውም አቅሙ ጫፍ የደረሰ የቲዩብ አምፕ።

የተወለደውም ከችግር ነው። የብሉዝ ተጫዋቹ ሙዲ ዋተርስ በ1943 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሚሲሲፒ ገጠር ተነሥቶ ቺካጎ ሲገባ፣ የከተማው ምሽት ቤቶች ጫጫታ ለአኩስቲክ ጊታር ቦታ የሚሰጥ አልነበረም። ስለዚህ ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆነ። የዚያ ዘመን አምፕ ግን ጉልበቱ ትንሽ ስለነበር፣ ከድራሙና ከጠጪው ጫጫታ በላይ ለመሰማት ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው መክፈት ግድ ነበር። እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። አምፑን የሠሩት ሰዎች እንደ ጉድለት ያዩትን ይህን መሰንጠቅ ተጫዋቾቹ ወደዱት። ሊትል ዋልተር ሃርሞኒካውን ሳይቀር በማይክሮፎን አድርጎ አምፕ ውስጥ እየነፋ ያንኑ ሻካራ ድምፅ አወጣበት። በ1951 ሜምፊስ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ በተቀረጸው «ሮኬት 88» በተባለው ዘፈን ላይ የዊሊ ኪዛርት ጊታር የሚያጉረመርመው አምፑ መንገድ ላይ ተጎድቶ ስለነበረ ነው፤ ስፒከሩን በወረቀት ደግፈው ቀረጹት ይባላል።

ቲዩብ አየር የወጣለት ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ትግላለች፤ በሙቀቷም ካቶድ የሚባለው ክፍል ኤሌክትሮን ይለቅቃል። ኤሌክትሮኑ ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልት ወደ ተሰጠው አኖድ ይሮጣል። በሁለቱ መካከል ግሪድ የሚባል የሽቦ መረብ ተዘርግቷል። ከጊታሩ ፒካፕ የመጣው ደካማ ሲግናል እዚህ መረብ ላይ ሲያርፍ፣ ገበሬ የመስኖ ውሃን በአንዲት ትንሽ መዝጊያ እንደሚያዝዝ፣ ትልቁን የኤሌክትሮን ፍሰት ያበዛዋል ወይም ይቀንሰዋል። ሊ ደ ፎረስት በ1906 ይህን መረብ ከጨመረበት ወዲህ ሬዲዮውም፣ የረጅም ርቀት ስልኩም፣ የጊታር አምፑም በዚሁ ዘዴ ሠርተዋል።

ለብሉዝ ቁም ነገሩ ያለው ፍሰቱ ወሰን ላይ ሲደርስ ነው። ሲግናሉ ከአቅም በላይ ሲሆን የሞገዱ አናት ይቆረጣል። ተራ የትራንዚስተር አምፕ ላይ ቆረጣው ድንገተኛ ነው፤ ጆሮ ይሰነጥቃል። ቲዩብ ላይ ግን አናቱ ቀስ በቀስ ይጨፈለቃል። በተለይ አንድ የኃይል ቲዩብ ብቻ ባለው አምፕ የሞገዱ የላይኛውና የታችኛው ግማሽ እኩል ስለማይጨፈለቁ፣ ከተመታው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ስስ ድምፅ አብሮ ይወጣል። እሱም ከኖታው ጋር ስለሚስማማ ጆሯችን እንደ ውፍረት ይቀበለዋል። ንጹሕ ከሚባለውና ጨርሶ ከተሰነጠቀው ድምፅ መካከል ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ ናት የብሉዝ ጊታር ቤት።

ይህን በተግባር ለማየት ፌንደር ቻምፕን የመሰለ አስተማሪ የለም። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ እየጠገነ የጀመረ ሰው ነው፤ የቻምፕ ቤተሰብም በ1940ዎቹ መጨረሻ ለጀማሪ ተማሪ የተሠራ ርካሽ አምፕ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣችውን፣ ትዊድ በሚባለው ቢጫማ ጨርቅ የተለበጠችውን ሞዴል ከኋላ ቢያዩዋት የሚገርመው የዕቃው ማነስ ነው። ሦስት ቲዩቦች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። 5ዋይ3 የምትባለው ከግድግዳ የመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ትቀይራለች። 12ኤኤክስ7 የጊታሩን ሲግናል ታሳድጋለች። 6ቪ6 ደግሞ ስፒከሩን የምትገፋዋ ናት። ከዚያ ሁለት ትራንስፎርመሮች፣ ጥቂት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች፣ አንድ ባለ 8 ኢንች ስፒከር። ጉልበቷ 5 ዋት ገደማ ነው። ባሱን ወይም ቀጭኑን ድምፅ የሚቀይር ቁልፍ አልተሰጣትም፤ ያላት አንድ ቮልዩም ነው፤ ቁጥሩም እስከ 12 ይሄዳል።

ያንን አንድ ቁልፍ ማዞር ግን ትምህርት ነው። 3 ላይ ድምፁ ንጹሕና ክብ ነው። 5 እና 6 አካባቢ፣ እንደ ፒካፑ ጥንካሬ፣ ክሩን በጣት ሲነኩት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ በፒክ ሲመቱት ጠርዙ ይሻክራል። ከ9 በላይ ሁሉም ነገር ይጮሃል፣ ባሱ ይላላል፣ ኖታውም ረዝሞ ይቆያል። ጠንከር ያለ ምት ሲያርፍባት ድምፁ መጀመሪያ ታፍኖ ወዲያው ይሰፋል። ይህ መታፈንና መስፋት ጣት ስር ይሰማል፤ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ከለመደው በኋላ ጠጣር ምላሽ ያለው አምፕ አይጥመውም። አምፑን ከፍ አድርጎ ትቶ ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም ወደ ግማሽ ዝቅ ቢያደርግ ድምፁ ይጠራል፤ መልሶ ሲከፍተው ይሻክራል። ብዙ የድሮ ተጫዋቾች ያለ ምንም ፔዳል ከአጃቢነት ወደ ሶሎ የሚሻገሩት በዚህ ነበር።

ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር ሲቀርጽ ማርሻል አምፑን ስቱዲዮ ውስጥ እንደ መድረክ አስጩኾ ነው ያን ዝነኛ ድምፅ ያገኘው። በ1970 ማያሚ ላይ ከዱዌን ኦልማን ጋር «ሌይላ»ን ሲቀርጽ ግን ትንሿን ቻምፕ እንደተጠቀመ ሲነገር ኖሯል። ማይክሮፎን አጠገቧ ሲቀመጥ የሣጥኗን ትንሽነት ጆሮ አይለየውም።

ገዢ በብዛት የሚሳሳተው ዋት ላይ ነው። 50 ዋት ከ5 ዋት አሥር እጥፍ የሚጮህ ይመስላል፤ ጆሮ ግን እንዲያ አይሰማም። ጉልበቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ጩኸቱ እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚመስለው። ስለዚህ 5 ዋት ለመኖሪያ ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ጎረቤት ያስነሣል። 50 ዋት አምፕ ገዝቶ ቮልዩሙን ከ1 ከፍ ሳያደርግ የሚኖር ሰው የከፈለበትን ድምፅ አንድም ቀን አይሰማውም፤ ቲዩቦቹ ጫፋቸው ላይ አልደረሱምና። ማስተር ቮልዩም ያላቸው አምፖች ይህን በከፊል ያቃልላሉ፤ ሆኖም የሚሰነጠቀው የመጀመሪያው ቲዩብ ብቻ ስለሚሆን ድምፁ የኃይል ቲዩቡን ውፍረት አያገኝም። ቮክስ ኤሲ4ቲቪ ላይ እንዳለው ጉልበቱን ከ4 ዋት ወደ 1፣ ብሎም ወደ ሩብ ዋት የሚያወርድ ማብሪያ ለአፓርታማ ነዋሪ ቁም ነገር ያለው ነገር ነው።

ከድራም ጋር የሚጫወት ግን 5 ዋት አይበቃውም። ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ከድራሙ በላይ እንዲሰማ ከፈለገ ሁለት የኃይል ቲዩብ ያለው፣ ከ12 እስከ 15 ዋት የሚሰጥ ይፈልግ። የፌንደር ፕሪንስተን ሪቨርብ ሁለት 6ቪ6፣ ባለ 10 ኢንች ስፒከር፣ የስፕሪንግ ሪቨርብና ትሬሞሎ አለው። ብሉዝ ጁኒየር ደግሞ ሁለት ኢኤል84 እና ባለ 12 ኢንች ስፒከር ይዞ በ15 ዋት ይሠራል፤ በዋጋም ይቀላል። 6ቪ6 ለስለስና ሞቅ ያለ ድምፅ አላት፤ ኢኤል84 ቀጭኑ ድምፅ ላይ ብሩህ ናት፣ ቶሎም ትሻክራለች። ለቺካጎ ብሉዝ እኔ 6ቪ6ን እመርጣለሁ። ስለ ስፒከሩ ደግሞ ብዙ ሰው አይጨነቅም፤ መጨነቅ ነበረበት። 8 ኢንች ለቀረጻ ግሩም ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን ባሱ ይጎድላል። 10 ኢንች ላይ ሚዛኑ ይስተካከላል።

ቲዩብ ብቻ ነው እውነተኛው የሚል ሰው ካጋጠመዎ ግን አይመኑት። ቢ.ቢ. ኪንግ ለብዙ ዓመታት የወደደው ላብ ሲሪስ ኤል5 የተባለው አምፕ ትራንዚስተር ነበር። እሱ የሚፈልገው ንጹሕና ረጅም ድምፅ ስለነበር ትራንዚስተሩ አገለገለው። የሚሻክረውን የሚፈልግ ነው ቲዩብ የሚያስፈልገው።

ለእኛ አገር ተጫዋች ደግሞ ብሉዝ ባዕድ አይደለም። ሙዚቀኞቻችን ባቲ ማይነር የሚሉት ቅኝትና የብሉዙ ማይነር ፔንታቶኒክ አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ናቸው፤ ብሉዙ አንድ ዝቅ ያለ አምስተኛ ይጨምርበታል እንጂ። ባቲን ያወቀ ጣት መንገዱን ግማሽ ሄዷል።

ችግሩ ያለው ሶኬቱ ላይ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው አምፕ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ለ5 ዋት አምፕ 100 ዋት የሚችል ይበቃል፤ ለ15 ዋቱ 200 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ትራንስፎርመሩ ግን ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ብቻ የተሠራ አሮጌ አምፕ በ50 ሲሠራ ከልኩ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ የሚላክልዎ ካለ ከአውሮፓ ገበያ 230 ቮልት የተጻፈበትን እንዲገዛ ይንገሩት። አሮጌ አምፕ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ካለው ሳይሰኩት በፊት ባለሙያ ምድር ሽቦ ያስገባለት።

ያገለገለ ሲገዙ ጊታር ሳይሰኩ አብርተው ያዳምጡ፤ ትንሽ እምምታ ያለ ነው፣ ጎልቶ የሚያጉረመርም ከሆነ ካፓሲተሩ አርጅቷል። ቲዩቦቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩ፤ ስፒከሩ ላይ የሚደወል ከሆነ ያቺ ቲዩብ መቀየር አለባት። የቲዩቡ ውስጥ የብረት ሳህን ቀልቶ ካዩ ወዲያው ያጥፉ። ስፒከሩ ሳይገናኝ በፍጹም አያብሩ፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ውስጡን ደግሞ እጅዎ አይንካው፤ ከ300 ቮልት በላይ ነው የሚዞረው፣ ካፓሲተሩም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ያንን ይዞ ይቆያል። ቲዩብ ዛሬም ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ውስጥ ይሠራል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ስለሆነ ከአምፑ ጋር አንድ አንድ መለዋወጫ አብሮ ማስመጣት ይሻላል። ቻምፕን የመሰለ ባለ አንድ የኃይል ቲዩብ አምፕ ላይ 6ቪ6ን ነቅሎ አዲስ ለመተካት ሌላ ማስተካከያ አያስፈልግም፤ ሌሎቹ ላይ ባለሙያ ይጠይቁ።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ቤቱ ብቻውን ለሚጫወት ሰው አንድ 6ቪ6፣ ባለ 10 ኢንች ስፒከርና አንድ ቮልዩም ያለው፣ ለ230 ቮልት የተሠራ አምፕ ይበቃዋል። ባንድ ውስጥ የሚጫወት ፕሪንስተንን የመሰለውን ይያዝ። ሊገዙ ሲሄዱ የራስዎን ጊታር ይዘው ይሂዱ፤ ቮልዩሙንም ከግማሽ በላይ ሳይከፍቱ ገንዘብ አይክፈሉ።