ለፍትሕ የሚቆረቆር ተማሪ ከየት ይጀምር?

ልጃችሁ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሲመጣ በቅድሚያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? አብዛኞቻችን «ውጤትስ እንዴት ነው?» እንላለን። መልካም ጥያቄ ነው። «በሄድክበት አገር የተበደለ ሰው አይተሃል? ቁጭ ብለህስ አነጋግረኸዋል?» የሚል ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ወደ ጎጃም ደጋ እንሂድ።

ተማሪው ወደ ሕዝቡ ሲወርድ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የአገልግሎት ፕሮግራም ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ጩኸታቸው ከንቱ አልነበረም። በደቡብ ብዙ ጭሰኛ ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጥ ነበር።

የጎጃም ገበሬ ግን አብዛኛው ጭሰኛ ሳይሆን ከአያት ቅድመ አያቱ የሚቆጥረው ርስት ያለው ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ «ሰው እንደ ገቢው ይክፈል» የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስል ነበር። ገበሬው ግን ግምቱ ወደ መሬት ቅየሳ አምርቶ ርስቱን እንዳያሳጣው ፈራ፤ ገማቾቹንም አላመነም። በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት አመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ መንግሥት ግብሩን ለመተው ተገደደ።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። የካቲት 25 ቀን የመሬት አዋጁ ሲታወጅ በደቡብ ብዙ ጭሰኞች በእልልታ ተቀበሉት። ርስት በጸናበት በጎጃም ግን አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። ተማሪው «ነፃ ላወጣህ መጣሁ» ሲል ብዙው ገበሬ የሰማው «ርስትህን ልነካ ነው» የሚለውን ነበር።

ያልተጠየቁት

ታዲያ ገበሬው ሁልጊዜ ትክክል ነበር ማለት ነው? አይደለም። በዚያው መንደር ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ነበር፤ ብዙዎቹም ርስት አልነበራቸውም። አዋጁ ወንድ ሴት ሳይለይ በጉልበቱ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ሲደነግግ ለእነርሱ ሌላ ትርጉም ነበረው። ስለዚህ ባለርስቱን ብቻ የጠየቀ ተማሪ የመንደሩን ግማሽ እውነት ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ዛሬስ?

ደብረ ማርቆስ ራሷ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አላት። የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት መጠይቅ ይዞ ወደ ቀበሌ ለሚወጣ ተማሪ የቀደሙት ታሪክ ሦስት ምክር ይሰጠዋል።

አንደኛ፣ መልሱን ከቤተ መጻሕፍት ይዘህ አትሂድ፤ ሕዝቡ በደሉን በራሱ ቃል ይንገርህ። ሁለተኛ፣ በስብሰባ የሚናገረውን ብቻ አትስማ፤ ከጓሮ ያለችውን ሴትና በሙያው የተናቀውን ሰው ፈልገህ አነጋግር። ሦስተኛ፣ ያገኘኸውን ውጤት ለነገሩህ ሰዎች መልሰህ ንገራቸው፤ ማድረግ የማትችለውን ግን ቃል አትግባ።

ጠቢቡ ሰሎሞን ሳይሰሙ መልስ መስጠትን ነቅፏል (ምሳሌ 18፥13)። ምክሩ ለተማሪ ብቻ አይደለም። ባል ሚስቱን ሳይሰማ የሚፈርድበት፣ ወላጆችም የቤት ሠራተኛቸውን ሳይጠይቁ የሚወስኑበት ቤት ልጁን ስለ ፍትሕ ምን ሊያስተምረው ይችላል? ልጆቻችን መስማትን የሚማሩት አስቀድመው ከእኛ ነው።

በቤታችሁ ተወያዩ፦ በዚህ ሳምንት በቤታችን ውስጥ ሐሳቡ ያልተጠየቀ ማን ነው?