የአባቴ ጣት

አባቴ ነፋስ መውጫ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸ ከገበያተኛ ጋር ሲጫወት ድንገት ወሬውን ይቆርጥና የሚወርደውን ዱቄት በሁለት ጣቱ አሸት ያደርጋል። "ድንጋዩ ተበልቷል፤ ማታ ይወቀራል።"

ዱቄቱ ሞቆ ነበር ማለት ነው። መሞቁ ብቻውን ግን ምንም አይደለም፤ እህል በብዛት ሲለቀቅ ሁሌም ይሞቃል። ለአባቴ የነገረው፣ እህሉ በቀጭኑ እየወረደ ዱቄቱ መሞቁ ነው።

እኔ ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የምሠራው ይህንኑ ነው። ስጀምር እያንዳንዱ የማሽን ጌጅ ሲያልፈው የሚጮኽበት የየራሱ ገደብ ነበረው፦ ከአማካዩ ሦስት ስታንዳርድ ዲቪየሽን ወዲያና ወዲህ። ዋልተር ሼዋርት በ1924 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዘዴ ነው፤ ለአንድ ጌጅ ግሩም ነው። አሁን አስሉልኝ። ማሽኑ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ፣ ንባቡም ኖርማል ስርጭት ቢከተል፣ ከ1,000 ንባብ 3 የሚጠጉት እንዲያው በአጋጣሚ ከገደቡ ይወጣሉ። በደቂቃ አንዴ ሲነበብ በቀን 1,440 ንባብ፣ ወደ 4 የሐሰት ጩኸት ነው። 20 ጌጅ ካለ 80 ገደማ። በሦስተኛው ቀን ማን ይሰማዋል? እኛም ድምፁን ዘጋነው።

አንድ ሌሊት ኩሽኔታ ነደደ። በነጋታው መዝገቡን ስናገላብጥ፣ ከመንደዱ ሁለት ሰዓት በፊት ሙቀቱ ገና ገደቡ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው ከረንትም እንዲሁ። ግን ከረንቱ ወርዶ ሳለ ሙቀቱ ወጥቷል። እህሉ በቀጭኑ፣ ዱቄቱ ትኩስ!

ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1931 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲ-ስኩዌር ይህን ያያል። ጌጆቹ በደህና ቀን እንዴት አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ይዞ፣ የአሁኑ ንባብ ከዚያ ልማድ ምን ያህል እንደራቀ በአንድ ቁጥር ይናገራል። ከዚያ ቁጥሩን ያሳበጠው የትኛው ጌጅ እንደሆነ ተበትኖ ይታያል። እዚህ ላይ ግን ቀስ በሉ፤ የጎላው ጌጅ የችግሩ ምንጭ ላይሆን ይችላል። ሞቀ ተብሎ ዱቄት አይጠገንም።

"ደህና ቀን" የምንለውም ከዚያው ማሽን፣ ከዚያው ቦታ የተወሰደ መሆን አለበት። አንድ ዘመዳችን ከበሽሎ ቆላ ሞተር አምጥቶ ነፋስ መውጫ ቢተክለው ጉልበት አጣበት፤ ተበላሸ ብሎ ሊሸጠው ነበር። ከተማው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 ከመቶ ገደማ። አባቴ ጥቁሩን ጭስ አይቶ ሳቀ፦ "ሞተሩስ ደህና ነው አንተ፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው እንጂ።"