«ተልኳል» ማለት «ደርሷል» ማለት አይደለም፦ ከጃንጎ ኢሜይል ስንልክ

በምኖርበት ከተማ ላለው እድራችን የአባላት ዌብሳይት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በጃንጎ። አንድ ማክሰኞ ማታ የአንዲት አባላችን አባት አረፉ። ጸሐፊያችን የቀብሩን ቦታና ሰዓት ጽፈው «ላክ» የሚለውን ተጫኑ። ገጹም «ለ112 አባላት ተልኳል» አላቸው። ቀብሩ ላይ የተገኘነው ግን ሃያ አንሞላም ነበር። ብዙዎቹ መልእክቱን ከቀናት በኋላ ስፓም ውስጥ አገኙት።

«አገር ቤት ጡሩንባ ነፊው ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል» አሉኝ አንድ አባት፤ «ያንተ ኮምፒውተር ግን ለራሱ ነው የነፋው።»

እውነታቸውን ነው። ጥፋቱም የጃንጎ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ኮዱ የሚያውቀው እስከ የት ነው?

በጃንጎ ኢሜይል መላክ ቀላል ነው። «ሰንድ ሜይል» የተባለችው ፈንክሽን ርዕስ፣ መልእክት፣ የላኪ አድራሻና የተቀባዮች ዝርዝር ተቀብላ ትልካለች፤ ከተሳካላት 1 ትመልሳለች። እኔ ያንን 1 «ደርሷል» ብዬ አነበብኩት። ትርጉሙ ግን «የኤስኤምቲፒ ሰርቨሩ መልእክቱን ተረክቦኛል» ብቻ ነው፤ ደብዳቤን ፖስታ ቤት መስኮት ላይ እንደማስረከብ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ፍሬምወርኩ አያየውም።

ለምን ተጠረጠርን?

የተቀባዩ ሰርቨር በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ በእርግጥ ከእድሩ ነው የመጣው?» ብሎ ነው። መልሱን የሚያገኘው ከዶሜይናችን የዲኤንኤስ መዝገብ ነው። ኤስፒኤፍ በስማችን እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም እያንዳንዱ መልእክት ላይ ያለው ዲጂታል ፊርማ የሚረጋገጥበትን ቁልፍ ይሰጣል። ዲማርክ ደግሞ ማረጋገጫው ካልተሳካ ምን ይደረግ የሚለውን ይናገራል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ ከሚልክ ሰው ሦስቱንም፣ ከሌላው ደግሞ ቢያንስ ኤስፒኤፍን ወይም ዲኪምን ይጠይቃል። እኛ አንዱም አልነበረንም። ማስተካከሉ የአንድ ምሽት ሥራ ሆነ።

የአማርኛ ርዕስስ?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፊደላችንን ነበር፤ ያለ ጥፋቱ። ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የተዘጋጀው ለአስኪ ፊደላት ብቻ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ርዕስ ተቀይሮ ይጓዛል፦ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፣ በቤዝ64 ደግሞ 4 ምልክት ይሆናል። አንድ ቁራጭ ከ75 ምልክት ማለፍ ስለማይችል በአንዱ የሚገባው 15 ፊደል ገደማ ነው። ርዕሱ ከረዘመ ይቆራረጣል። በእጅ የተጻፈ ኮድ አንዱን ፊደል መሃል ለመሃል ከቆረጠው ተቀባዩ የጥያቄ ምልክት ያያል። ጃንጎ ግን ይህን በትክክል ይሠራዋል። ርዕሱን እንዳለ በአማርኛ ስጡት እንጂ ራሳችሁ ለመቀየር አትሞክሩ።

ከእኔ ስህተት ተማሩ

ስትሞክሩ ኮንሶል ባክኤንድን ተጠቀሙ፤ ኢሜይሉ ተርሚናላችሁ ላይ ይታተማል፣ ማንም ሰው ጋ አይሄድም። ታይምአውት ወስኑ፤ ካልወሰናችሁ ጃንጎ የጊዜ ገደብ የለውም፣ የፖስታ ሰርቨሩ ዝም ካለ ገጻችሁም አብሮ ይቆማል። ለብዙ ሰው ስትልኩ ሥራውን ለጀርባ ወረፋ ስጡት። ስህተትን በዝምታ እንዲያልፍ የሚያደርገውን አማራጭ አትክፈቱ። የላኪው አድራሻም ሰው የሚያነበው ይሁን፤ «አልደረሰም» የሚለው ማስታወቂያ የሚመለሰው እዚያው ነው። የእኛ አድራሻ ጭራሽ ያልተከፈተ ስለነበር የተመለሰውን ያየ አልነበረም።

አሁን ገጻችን «ተልኳል» አይልም፤ «ለፖስታ ሰርቨሩ ተሰጥቷል» ይላል። ለቀብር ጥሪ ግን ጸሐፊያችን ኢሜይሉን ከላኩ በኋላ ስልካቸውን አንስተው በየተራ ይደውላሉ። እኔም ግማሹን ዝርዝር እወስድላቸዋለሁ።