ማንም የማይጠይቀው ጠጠር

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ሲያወራ ይውላል። የጠጠሩን ነገር ግን አንድ ሲኖትራክ አስመጥቶ ያልፈዋል። ይሁንና ከኮንክሪቱ ይዘት ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ጠጠርና አሸዋ ነው። የአዲስ አበባ ፎቆች ክብደት ትልቅ ክፍል በከተማዋ ዙሪያ ካሉ ካባዎች (የድንጋይ ማውጫዎች) የወጣ ድንጋይ ነው።

ካባው ውስጥ በድማሚት የፈነዳው ድንጋይ በሎደር እየተዛቀ የድንጋይ መፍጫው ማሽን፣ የክሬሸሩ፣ አፍ ላይ ይገለበጣል። እዚያ ሁለት የብረት መንጋጋዎች አሉ፤ አንዱ የቆመ፣ ሌላው እየሄደ እየመጣ የሚጨፈልቅ። ይህን ማሽን የሠራው አሜሪካዊው ኤሊ ዊትኒ ብሌክ ነው። በኒው ሄቨን ከተማ የጠጠር መንገድ እንዲያሠራ ኃላፊነት ሲሰጠው በመዶሻ የሚሰበረው ድንጋይ አልደርስ አለው፤ ማሽኑን ፈጥሮ በ1858 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አገኘ። የዛሬውም መንጋጋ አሠራሩ ያው ነው። የመንጋጋው ልባስ በተመታ ቁጥር የሚጠነክር የማንጋኒዝ ብረት ቢሆንም ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) እሱንም ይጨርሰዋል። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ስለሆነ፣ ዶላር ሲጠፋ ባለቀ ልባስ መሥራት ይመጣል።

በመንጋጋ ብቻ የተሰበረ ድንጋይ ጠፍጣፋና ሹል ይበዛበታል። ኮን ወይም ኢምፓክት ክሬሸር ውስጥ ካላለፈ እርስ በርሱ በደንብ አይገጥምም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ደግሞ ያው ውዱ ሲሚንቶ ነው። አንድ እፍኝ ጠጠር አንስታችሁ በመዳፋችሁ እሹት። እጃችሁ ላይ ግራጫ ዱቄት ከቀረ፣ ያ ዱቄት ሲሚንቶው ድንጋዩን እንዳይዘው የሚከለክል ነው።

ዱቄቱ ጠጠሩ ላይ ብቻ አይቀርም። ክሬሸር ላይ የሚውሉ ልጆች አፋቸውን በሻሽ ያስራሉ። ሻሽ የሚይዘው ግን የሚታየውን አቧራ ነው፤ ሳንባ ጥግ የሚደርሰው በዓይን የማይታየው ብናኝ ያልፈዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሥራ ቦታ የሚተነፈስ የኳርትዝ ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ በ1997 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ባዛልት ኳርትዝ እምብዛም የለውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ባዛልት ብቻ አይደለም ያለው፤ ኳርትዝ ሊኖራቸው የሚችሉት ኢግኒምብራይትና ራዮላይትም አሉ። ስለዚህ የትኛው ካባ ምን ድንጋይ እንደሚፈጭ ማወቅ የጂኦሎጂ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው ሕይወት ጉዳይ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ድንጋዩ በሚገባበት አፍና ጠጠሩ ከማጓጓዣ ቀበቶው በሚወርድበት ቦታ ውሃ መርጨት፣ ወንፊቱን መሸፈን፣ ለሠራተኛው ትክክለኛ ጭንብል መስጠት ነው። ወጪው ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። የማይደረገው ጠያቂ ስለሌለ ነው፤ የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ፣ ጠጠሩን የሚበላው ከተማው፣ አቧራውን የሚተነፍሰው ደግሞ ሠራተኛውና ካባው አጠገብ ያለው ገበሬ ነው።

ስንፈልግ መጠየቅ እንደምንችል ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብ ምስክር ነው። ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የፈሰሰበት ሥራ ነው፤ እንዲህ ላለ ግድብ ጠጠር ሳይመረመር አይገባም። የመንግሥት መንገድና ሕንፃ ትልቅ የጠጠር ገዢ ነውና፣ ውሃ የማይረጭና ቆፍሮ የጨረሰውን ጉድጓድ መልሶ የማይሞላ ካባ ለመንግሥት ሥራ ጠጠር እንዳያቀርብ በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚያቁሩት እነዚያ ጉድጓዶች አጠገብ ከብትም ልጅም ይውላል።