በዓይን መጻፍ

ለማስተማር ልምምድ ኮምቦልቻ ወርደን ሳለ ከአንድ የ11 ዓመት ልጅ ጋር ተዋወቅን። እጅና እግሩ አይታዘዙለትም፣ አንደበቱም አልተፈታም። እናቱ ግን «አብሽሩ ልጆቼ፣ ሁሉን ይሰማል፤ አዎ ሲል ሽቅብ ያያል» አሉን። እህቱ ስታጠና አጠገቧ እየተቀመጠ ፊደል ለይቷል። ትምህርት ቤት ግን «በምን እንፈትነዋለን?» ተብሎ ሳይመዘገብ ቀረ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው እኮ በ2002 ዓ.ም. ነው!

ለእንዲህ ያለ ሰው የዓይን መከታተያ የሚባል መሣሪያ አለ። ከኮምፒዩተሩ ሥር ተገጥሞ ኢንፍራሬድ የተባለ በዓይን የማይታይ ብርሃን ይረጫል። ካሜራው በዓይን ላይ የሚያርፈውን ነጸብራቅ ከብሌኑ መካከል ጋር እያመዛዘነ ሰውየው የቱን ፊደል እንደሚያይ ያሰላል። ትክ ተብሎ የታየው ፊደል ይጻፋል። የስዊድኑ ቶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው በዚሁ ሥራ ነው። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 ሰውነቱ ለሰለለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ለቶኒ ኳን ወዳጆቹ ከመነጽር ክፈፍና ከርካሽ ካሜራ አይራይተር የተባለውን ሠርተውለት፣ በዓይኑ መሣል ችሏል።

እኛ ካሜራም የለን። ከፒያሳ ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ገዛን፤ መካከሉን ለፊቱ ክፍት ተውነው። ችግሩ የፊደላችን ብዛት ነው፤ 33 በ7 ሲባዛ 231! ስለዚህ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን አስወጣን (የአማርኛ መምህራችን ይቅር ይበሉን)። የቀሩትን 28ቱን አራት አራት አድርገን በ7 ሰፈር ጻፍናቸው። ልጁ መጀመሪያ ሰፈሩን ያያል፤ ቀጥሎ ከሰሌዳው አራት ማዕዘኖች አንዱን በማየት ከአራቱ ፊደላት ይመርጣል፤ ሦስተኛው እይታ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ይነግረናል፤ ሰፈሮቹም ሰባት ናቸውና ለቤቱም ያገለግላሉ። አንዳችን ፊት ለፊቱ ተቀምጠን ዓይኑን በፕላስቲኩ ውስጥ እናነባለን፣ ሌላው ይጽፋል። ስንሳሳት ዓይኑን ይጨፍናል።

የመጀመሪያውን ቀን ደጋግመን አበላሸን። በሁለተኛው ቀን በ9 እይታ «ጸሀይ» ብሎ ጻፈ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባንም፤ ለካ በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ፕላስቲኩ ላይ እያንጸባረቀች ዓይኑን ታስጨንቀው ኖሯል! ሁለት ቀን ሙሉ እኮ ነው! ታላቁንም መሣሪያ ብርቱ ፀሐይ ያውከዋል። እናቱ ነጠላቸውን መስኮቱ ላይ ሰቀሉለት።

ሰሌዳውን እዚያው ትተነዋል፤ እህቱ ከእኛ ይልቅ ፈጥና ታነባለች። አሁን ሁለተኛውን እየሠራን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ይዘን፣ ከልጁ ጋር ርእሰ መምህሩ ዘንድ እንገባለን።